ሚዛን የማያየው ጉልበት

አማርኛ ለእግር መታጠፊያውም ለሰው ብርታትም ያለው ቃል አንድ ነው፤ ጉልበት። «ጉልበቴ ከዳኝ» የሚሉ እናት ከሁለቱ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ማንም አይጠይቃቸውም፤ አንዱ ሲከዳ ሌላውም መክዳቱ አይቀርምና። ይህ ጽሑፍ ያንን አቤቱታ ስለሚያሰሙና ብዙ ጊዜ «ዕድሜ ነው» ተብለው ስለሚሸኙ ሰዎች ነው፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ እያለ ሃምሳ ዓመትን ስለተሻገሩት።

አንዲት እናት እናስብ። የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. የ36 ዓመት ሴት ነበሩ። ከዚያ ቀደም መድኃኒቱ በክፍያ ቢገኝም አቅማቸው አይደርስበትም ነበር። ወደ ክሊኒክ የገቡት በሰው ተደግፈው ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ 38 ኪሎ ግራም ሆኑ። መድኃኒቱን ሁሉም «የዕድሜ ማራዘሚያ» ይለው ነበር። በስሙ ውስጥ ተስፋም ሥጋትም አለ፤ ዕድሜው በስንት እንደሚራዘም የሚያውቅ አልነበረምና። እነሆ ሃያ ዓመት አልፎታል። ልጆቻቸውን ድረዋል፣ የልጅ ልጅ ታቅፈዋል፣ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሰዋል። ክብደታቸው 64 ኪሎ ግራም ነው። በየስድስት ወሩ ለቀጠሮ ይሄዳሉ፣ ይመዘናሉ፣ ነርሷ ቁጥሩን መዝግባ «በጣም ጥሩ ነው» ትላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ቤት ግን ከበርጩማ የሚነሡት መሬቱን በእጃቸው ተደግፈው ነው። ታክሲ ውስጥ የሚገቡት ሰው እየሳባቸው ነው። መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ብሎ መነሣት ፈተና ሆኖባቸዋል። ባለፈው ክረምት ደጃፋቸው ላይ ወድቀዋል።

እኚህ እናት በስም የምጠራቸው አንድ ሰው አይደሉም። ነገር ግን በየክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ከሚጠብቁት መካከል ይህ ታሪክ የእኔ ነው የሚሉ ጥቂት እንደማይሆኑ አምናለሁ። ችግሩ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኧርዊን ሮዘንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ «ሥጋ» እና «ማጣት» የሚል ፍቺ ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ሳርኮፔኒያ የሚለውን ስም አወጡለት። በዕድሜ ምክንያት የጡንቻ መመንመንና መድከም ማለት ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የማንም ሰው ጡንቻ በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንሳል፤ ብርታቱ ደግሞ ከዚህም በፈጠነ ሁኔታ ይወርዳል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ላይ ይህ ቁልቁለት ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ ይበልጥም ያዘቀዝቃል።

ለምን? መልሱ አንድ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ግን አንጀትን ነው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት በገባባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ትልቁን ጥፋት የሚያደርሰው በአንጀት ግድግዳ ላይ በሰፈሩት የመከላከያ ሴሎች ላይ ነው። መድኃኒት ቫይረሱን ቢያስተኛውም ያ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አይጠገንም። የባክቴሪያ ስብርባሪ በቀዳዳው ወደ ደም ይሾልካል፤ የሰውነት መከላከያም ጠላት ደጅ እንደቆመ ቆጥሮ ዓመት እስከ ዓመት በተጠንቀቅ ይኖራል። ይህ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ብግነት የሚሉት ነው። ነበልባሉ ጠፍቷል፤ ረመጡ ግን አለ። ያ ረመጥ ጡንቻ የሚገነባበትን ሥራ እያዘገመ የሚፈርስበትን ያፋጥናል።

ሁለተኛው ምክንያት የቀደሙት መድኃኒቶች ታሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሰው የወሰደው ስታቩዲን የተባለው መድኃኒት ሕይወት አድኗል፤ ይህን መካድ ውለታ መርሳት ነው። ነገር ግን የሴሎችን የኃይል ማመንጫ ይጎዳ ነበር። ጉንጭ የሚያጎደጉደው፣ የእጅና የእግር ሥር ገትሮ የሚያሳየው እርሱ ነበር። በዚያ መልክ የጠፋው በዋናነት ስብ ቢሆንም፣ መድኃኒቱ የእግር ነርቮችንም ይጎዳ ስለነበር «እግሬን እሳት ይበላኛል» የሚሉ ሰዎች መራመድ ቀነሱ፤ ያልተራመደ እግር ደግሞ ይሟሽሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ መድኃኒት ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ። ያኔ የወሰዱት ሰዎች ዛሬ ሃምሳዎቹና ስድሳዎቹ ውስጥ ናቸው።

ሦስተኛውን ብዙዎች ልብ አይሉትም። በ38 ኪሎ ግራም መድኃኒት ጀምሮ 64 የደረሰ ሰው የጠፋበትን ሥጋ መልሶ አገኘ ማለት አይደለም። ከከባድ ክሳት በኋላ የሚመለሰው ክብደት አብዛኛው ስብ ነው። ጡንቻ በራሱ አይመለስም፤ በቂ ምግብና ሥራ ይፈልጋል። በዚህ ረገድ በእኛው አገር፣ በጅማ የተካሄደ ጥሩ ጥናት አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። የኢትዮጵያና የዴንማርክ ተመራማሪዎች መድኃኒት ለሚጀምሩ ከ300 በላይ ሰዎች የወተት አጓት ወይም የአኩሪ አተር ፕሮቲን ያለበት ቅባታማ ምግብ በቀን 200 ግራም ለሦስት ወር ሰጥተው ውጤቱን ለኩ። ምግቡን በጊዜው ያገኙት ሰዎች ክብደታቸው ብቻ ሳይሆን ከስብ ውጭ ያለው ሥጋቸውና የእጃቸው የመጨበጥ ኃይልም ጨመረ። ተሳታፊዎቹ አዛውንት ስላልነበሩ ውጤቱን እንዳለ ወስዶ ለስድሳ ዓመት ሰው መናገር አይቻልም። ለእኔ የሚነግረኝ ግን ግልጽ ነው፤ መድኃኒት ቫይረሱን ይገታል እንጂ ጡንቻ አይሠራም። በ1997 መድኃኒት የጀመሩት ብዙዎቹ እንክብሉን ብቻ ይዘው ነው ወደ ባዶ ሌማት የተመለሱት።

ወደ ሚዛኑ ልመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር እዚያ ላይ ነውና። ሚዛን ስብንና ጡንቻን አይለይም። አንድ ሰው በዐሥር ዓመት ውስጥ አምስት ኪሎ ጡንቻ አጥቶ አምስት ኪሎ ስብ ቢጨምር ቁጥሩ አይንቀሳቀስም፤ መዝገቡም ምንም አልተለወጠም ይላል። ይህ አዲሱ መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል። ዛሬ በአገራችን አብዛኛው ሰው የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት ጠንካራ፣ ለመውሰድም ምቹ ነው፤ በእርሱ ላይ ክፉ ቃል የለኝም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤታቸው የታተመ በደቡብ አፍሪካና በካሜሩን የተደረጉ ሁለት ጥናቶች መድኃኒቱን የጀመሩ ሰዎች ክብደት እንደሚጨምሩ አሳይተዋል፤ በተለይም ሴቶች። ስለዚህ ቀጭን ጡንቻ በስብ ተሸፍኖ ይኖራል። ከላይ ሲያዩት የተመቸው ሰው፣ ከውስጥ ግን የራሱን ክብደት መሸከም የከበደው።

«የተመቸው» አልኩ? አዎ፣ ይህ ቃል ራሱ የታሪኩ አካል ነው። እኛ ዘንድ የወፈረ ሰው «ተመችቶታል» ይባላል፤ የከሳ «ምን ሆነ?» ይባልበታል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ይህ ጥያቄ ሰው ያስገድል ነበር ማለት ይቻላል፤ ከሥራ ያስወጣ፣ ከኪራይ ቤት ያስባርር፣ ከዕድር ያርቅ ነበር። ክሳት የምሥጢር መገለጫ ነበረ። ከዚያ ዘመን የተረፈ ሰው ክብደቱ ሲጨምር የሚሰማው ደስታ ከጤናም በላይ ነው፤ ከሐሜት መዳን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ክብደትህ አያታልልህ» ማለት ቀላል አይደለም። ባለሙያው ይህን ታሪክ ሳያውቅ ስለ ውፍረት ቢናገር ታማሚው ጆሮውን ይዘጋል፤ አይፈረድበትም።

ታዲያ በምን እንለካ? ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የአውሮፓ ባለሙያዎች ቡድን በ2019 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ መጀመሪያ የሚለካው የጡንቻ መጠን ሳይሆን ብርታት ነው። ከሚመክራቸው መለኪያዎች አንዱ አንድ ወንበርና ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። ሰውየው እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይቀመጣል፤ ከዚያ አምስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ይቀመጣል። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት፣ ወይም ያለ እጅ መነሣት ካልቻለ፣ የጡንቻ ድክመት ይጠረጠራል። መጨበጫ መለኪያ ባለበት ደግሞ ለወንድ ከ27፣ ለሴት ከ16 ኪሎ ግራም በታች የሆነ የእጅ ኃይል የድክመት ምልክት ነው። መሣሪያው ከሌለ አምስት ጥያቄዎች አሉ፤ ዕቃ ማንሣት ያስቸግራል ወይ፣ በክፍል ውስጥ መራመድስ፣ ከወንበር ወይም ከአልጋ መነሣትስ፣ ደረጃ መውጣትስ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ወደቁ? ይህን ሁሉ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ ለምን አልተደረገም ብዬ ሳስብ ነርሶቹን መውቀስ አይቻለኝም። የኤች አይ ቪ ክሊኒኮቻችን የተሠሩት ሰውን ከሞት ለማትረፍ ነው። መጠየቅ የለመዱት ክብደትን፣ የቫይረስ መጠንን፣ ሳንባ ነቀርሳን ነው፤ ትክክልም ነበር። የምግብ እጥረትንም የሚለዩት ከቁመት አንጻር ባለው ክብደትና በክንድ ዙሪያ ነው፤ ሁለቱም ክሳትን ያያሉ፣ በስብ የተሸፈነ ድክመትን ግን አያዩም። የስድስት ወር ቀጠሮው ለታማሚው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሰልፉንና የትራንስፖርት ወጪውን ቀንሷል። በሌላ በኩል ባለሙያና ታማሚ በዓመት የሚተያዩት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዷ ደቂቃ ውድ ሆናለች። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቆም በዚህ አገልግሎት የተሰማሩ ብዙ የኮንትራት ባለሙያዎች ከሥራ ወጥተዋል። አዲስ ሥራ ጨምሩ ማለት የሚከብድበት ጊዜ ነው። ቢሆንም ወንበሩ ክፍሉ ውስጥ አለ፤ ታማሚው ለማንኛውም ተቀምጦበታል፤ ሲነሣ ማየት ብቻ ነው የቀረው።

አሁን ወደ ማዕዱ። ለጤናማ ጎልማሳ የሚመከረው ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ነው። ለአዛውንት ግን ይህ እንደማይበቃ ባለሙያዎች ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲናገሩ ቆይተዋል፤ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ደግሞ እስከ 1.5። ምክንያቱ ያረጀ ጡንቻ ጆሮው መክበዱ ነው፤ ወጣቱ በትንሽ ምግብ የሚሰማውን ጥሪ አዛውንቱ የሚሰማው በአንድ ማዕድ ከ25 እስከ 30 ግራም ፕሮቲን ሲቀርብለት ነው።

ለእናታችን ይህ በቀን ቢያንስ 64 ግራም ማለት ነው። የሚበሉትን እንቁጠር። ጠዋት ሻይ በዳቦ፤ 5 ግራም ቢሆን ነው። ምሳ አንድ እንጀራ በሽሮ፤ ሽሮው ወፈር ካለ 20 ግራም ይደርሳል። ማታ ያንኑ፣ ግን ግማሹን። ድምሩ 40 አይሞላም። በዚያ ላይ የእኛ እናቶች አመጋገብ አንድ ክፉ ልማድ አለበት፤ ክፉ ያልኩት ፍቅር ስላልሆነ ሳይሆን ስለሚጎዳቸው ነው። እንቁላሉ ለልጅ ልጅ ይቀመጣል፣ ወጡ ለሌላው ይጨለፋል፣ እርሳቸው እንጀራውን ፍርፋሪ ወጥ አስነክተው ይበላሉ። ጥርስ የጎደለበት ደግሞ ሥጋውንም ቆሎውንም ትቶ ለስላሳውን ብቻ ይመርጣል።

መፍትሔው ሩቅ አገር አይደለም። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24፣ ሽምብራ ወደ 20 ግራም ይይዛል። እንጀራና የጥራጥሬ ወጥ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ እህሉ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ጥራጥሬው ይሰጠዋል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን በላቦራቶሪ ባያረጋግጡም በማዕድ ያውቁት ነበር። የሚጎድለው መጠኑና ሰዓቱ ነው፤ ወጡ ወፈር፣ እንጀራው ቀነስ፣ ቁርሱ ደግሞ እውነተኛ ምግብ ይሁን። ሁለት እንቁላል ወይም ድፍን ምስር ቁርስ ላይ ቢገባ ከቀኑ ሁሉ የሳሳው ማዕድ ይጠገናል። ጥርስ ለሌለው ሽሮ፣ ቡቲቻ፣ ስልጆ፣ በወተት የተበጠበጠ በሶ አለ። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ቴኖፎቪር ኩላሊትንና አጥንትን የሚነካበት ጊዜ ስላለ ይህ ማስጠንቀቂያ ለወጉ ብቻ የተነገረ አይደለም። ሌላም አለ፤ ብዙ አዛውንት ለአጥንት ካልሲየም፣ ለደም ማነስ ብረት ይታዘዝላቸዋል። እነዚህ እንክብሎች ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ከምግብ ጋር አብረው ካልተወሰዱ በስተቀር መድኃኒቱ ከእነርሱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት።

ጾምን ሳላነሣ ባልፍ አንባቢዬን መዋሸት ይሆንብኛል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት እስከ 180 ቀን ገደማ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው። አዛውንቶቻችን በጾም ከሁላችንም ይጸናሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የቀኑን ፕሮቲን በአንድ ማዕድ መጨረስ ይኖርበታል፤ ያረጀ ጡንቻ ደግሞ ለዚህ አይመችም። እኔ ጾምን ተዉ የማለት ሥልጣንም ፍላጎትም የለኝም። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የራሷ ሥርዓት አላት፤ ጉዳዩ ለንስሐ አባት ይቀርባል። ጠበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ የሚለው የአባቶች ትምህርት በዚያ አስጨናቂ ዘመን የብዙ ሰው ሕይወት እንዳተረፈ አንረሳም። ዛሬም አንድ የንስሐ አባት ለስድሳ ዓመት ሕመምተኛ ልጃቸው «ሰዓቱን አሳጥሪው፣ ምስሩን አብዢው» ቢሏት ከማንኛውም ሐኪም ቃል በላይ ይሰማል። በሙስሊሙም ዘንድ በረመዳን ሕመምተኛ የተፈቀደለት አለ፤ ኢማሙን መጠየቅ ነው።

ምግብ ብቻውን ግን ጡንቻ አይሆንም። ስብ ይሆናል። ጡንቻን የሚጠራው ሥራ ነው፤ ያውም ጫና ያለው ሥራ። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆነ ዐሥር ሰዎች ክብደት በእግራቸው እንዲያነሡ ተደረገ። ስምንት ሳምንት ከቆዩ በኋላ የእግራቸው ብርታት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። የዘጠና ዓመት ጡንቻ እንዲህ ከመለሰ የሃምሳ ስድስቱ አይመልስም የሚል ማን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ሰዎች ለይቶ አንሥቶ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲያደርጉ መክሯል። እስካሁን ለሳርኮፔኒያ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ በየሱቁ «ሰውነት ይገነባል» ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄትና እንክብል ከጸረ ቫይረሱ መድኃኒት ጋር ያለ ሐኪም መቀላቀል አደገኛ ነው።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ሌላ ጥናት ጤናማ የሆኑ አዛውንቶችን 10 ቀን አልጋ ላይ አስተኝቶ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ ማጣታቸውን አሳይቷል። ዐሥር ቀን! በአንድ የሳንባ ምች የሚያልቅ ጊዜ። ለዚህ ነው «አይነሡ እማማ፣ እኔ አመጣዋለሁ» የሚለው የእኛ አክብሮት የሚያሳስበኝ። ልጅ ለወላጁ ውኃ ሲያቀርብ፣ ገበያ ሲላክ ደስ ይላል፤ ባህላችን ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ እናት ጉልበታቸውን በፍቅራችን እያጡ ነው። የሚሰግዱ ሰው ስግደታቸውን ባይተዉ፣ የሚያፈሉ ቡናቸውን ራሳቸው ቢያፈሉ፣ ገበያ የሚወጡ ቢወጡ ይሻላል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ነው፤ ግድግዳ ይደገፍ እንዳይንሸራተት። በመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛ ይዞ አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ አርፎ እንደገና አምስት ጊዜ፤ በሳምንት ሦስት ቀን። ሲቀል አንድ እጅ ይለቀቃል፣ ቀጥሎ ሁለቱም። ከዚያ ሁለት ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ደረት ላይ ታቅፎ መነሣት ይመጣል። ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ይቆማል፤ ሐኪም ይጠየቃል። ወራት ወስዶም ቢሆን ወንበሩ ሲቀል ወደ በርጩማው መውረድ ነው፤ መሬቱን ሳይደገፉ።